የለም፤ ግን ይመጣል

ወሎ ሰፈር ካሉት የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ሁሉ ጠባቡ የአባቴ ነበር። ደንበኛ የጠየቀው ዕቃ ከሌለ ሌላው ባለሱቅ «የለም» ብሎ ፊቱን ወደ ጋዜጣው ይመልሳል። አባቴ ግን «የለም» ብሎ እዚያው ላይ አቁሞ አያውቅም። ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ ያወርዳል፣ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ይቃኛል፣ ከዚያ «የለም፤ ግን ይመጣል» ይላል። የተጠየቀው ዕቃ መሠራቱ ከቀረ ዓመታት ቢያልፉም እንኳ ይመጣል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ እውነትም ይመጣ ነበር። ከመርካቶ ይሁን ከናዝሬት፣ ከተገለበጠ መኪና ይሁን ከሰው ጓዳ፣ እንደምንም ብሎ ያስመጣዋል። የመጣ ዕለት ደግሞ ደንበኛው ያለበት ጋራዥ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ሰውየው መኪና ሥር ተኝቶ ቢያገኘው እንኳ ጎንበስ ብሎ፣ «ዕቃህ መጥቷል፤ ውሰድ» ይለዋል። ሰላምታ የለ፣ ጨዋታ የለ። እነዚህን ሁለት አባባሎች እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

እሱንም እየሳልኩ ነው ያደግኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ጥግ የካርቶን ክምር ላይ እቀመጥና የካንዴላ ማሸጊያ ጀርባ ላይ እሞነጭራለሁ። ከባንኮኒው በላይ የሚታየው ፊቱ፣ እርሳሱ፣ ክረምት ከበጋ የማይወልቀው ኮቱ። አስተማሪዎቼ «እጅሽ ጥሩ ነው» ይሉኝ ነበር። አባቴ ግን ምንም ብሎኝ አያውቅም፤ ወረቀቱን አንስቶ ኩሽኔታ ይጠቀልልበታል።

ትምህርቴን ስጨርስ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። የግል ጋዜጦች እንደ አሸን የፈሉበት ዘመን ስለነበር ካርቱኔን ይዤ በየቢሮው ዞርኩ። ባለ አራት ሳጥን ናት። ጋሼ የሚባል ባለሱቅ አለ፣ ደንበኛ ይመጣል፣ የሌለ ዕቃ ይጠይቃል፣ ይጨቃጨቃሉ። በቃ። አንዱ አዘጋጅ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየና «ሚኒስትሩ የታለ?» አለኝ።

«ሚኒስትር የለውም፤ ባለሱቅ ነው» አልኩት።

«ባለሱቁ ማንን ነው የሚወክለው?»

«ማንንም። ባለሱቅ ነው።»

ሌላው ደግሞ፣ ሰው ስለ ፍሪሲዮን ለማንበብ ብሎ ጋዜጣ አይገዛም አለኝ። አንዱማ ሥዕሎቼን ወር ሙሉ አስቀምጦ ሲመልስልኝ የሻይ ብርጭቆ ሲያስቀምጥባቸው ከርሟል። የብርጭቆው ክብ ልክ የጋሼ አናት ላይ አርፎ ቅዱስ አስመስሎታል። ሳቅኩም፣ ተናደድኩም። እኔ ደግሞ ስናደድ እጄ ይፈጥናል። ሚኒስትር የማይጠየቅበት ቦታ ካለ ፈልጌ አገኘዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ኢንተርኔት የሚባለው ነገር አዲስ አበባ የገባው ገና ያኔ ነበር። አለቃዬ የደንበኛ ኢሜይል ለመላክ አስገብታው ስለነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ እየገባሁ እፈትሽ ጀመር። አንድ ቀን ገጽ በነጻ የሚሰጥ ቦታ አገኘሁ። የሚጠይቀው የገጹን ስም ብቻ ነው። «የለም፤ ግን ይመጣል» ብዬ ሰየምኩት። አለቃዬ ሳትውል ሳታድር ደረሰችብኝ። «ስካነሩን እንደፈለግሽ ተጠቀሚ፤ መስመሩን ግን እንዳትነኪብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእንጀራዋ ነገር ነው።

ስለዚህ የራሴን ኮምፒዩተር ፈለግኩ። ያኔ ቦሌ ውስጥ ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች ዕቃቸውን ግቢያቸው ውስጥ ደርድረው ይሸጡ ነበር። ሰው ሁሉ ሶፋና ፍሪጅ ሲሻማ እኔ ጥግ ላይ ጎኑ የተሰነጠቀ ኮምፒዩተር ከነሞደሙ አገኘሁ። ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌ አመጣሁትና ሳሎናችን ውስጥ ስልኩ አጠገብ ተከልኩት። ከግድግዳው የሚመጣው የስልክ ገመድ መጀመሪያ ሞደሙ ውስጥ ይገባል፤ ስልኩ ደግሞ መስመሩን የሚያገኘው ከሞደሙ ጀርባ ነው። ይህን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሲነሳ አዲስ ካርቱን እንዲያገኝ ለራሴ ቃል ገባሁ። ረቡዕ በእርሳስ እነድፋለሁ፣ ሐሙስ በቀለም እሄድበታለሁ፣ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቱ ስካነር አንስቼ በዲስኬት ወደ ቤት አመጣዋለሁ። ፊደሉን ሁሉ የምጽፈው በእጄ ነው። በኮምፒዩተር የተተየበ አማርኛ ሌላ ሰው ማሽን ላይ ሲደርስ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር፤ በእጅ የተጻፈው ግን ሥዕል ስለሆነ የትም ቢሄድ አማርኛ ነው። ስካነሩ ደግሞ ጠርዝ ይበላል። እኔም ዙሪያውን በጥቁር ቀለም አጥርለታለሁ፤ የሚበላ ከሆነ አጥሩን ይብላ። ዓርብ አመሻሹ ላይ ሞደሙ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ይጮሃል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም ሲል ገብቻለሁ ማለት ነው። አንዷን ሥዕል ለመላክ ቁጭ ብዬ ራቴ ይቀዘቅዛል።

ከገጹ ግርጌ ስንት ሰው እንደጎበኘው የሚያሳይ ቆጣሪ ነበረ። እሱን ለማየት ስገባ እኔንም ይቆጥረኛል። ጨመረ ብዬ ስፈነድቅ የጨመርኩት ራሴ ነኝ።

ቁጭ ብሎ ሰው መጠበቅ አባቴ አላስተማረኝም። በዓለም ዙሪያ አማርኛ የሚችል ሰው የሚሰበሰብበትን የመወያያ ገጽ ሁሉ እያሰስኩ ስለ ጋሼ ጻፍኩ። መሥሪያ ቤት የምተይበውን ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ስከት፣ የገጹን አድራሻ የጻፍኩባት ትንሽ ብጣሽ ወረቀት አብሬ እከታለሁ። ያውም የጋሼ ፊት የተሳለባት። የሠርግ ጥሪም ይሁን የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ ከኔ እጅ የወጣ ፖስታ ሁሉ ጋሼን ይዞ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ከናይሮቢ ኢሜይል መጣልኝ። ወዲያው ከፈትኩት። ሰውየው ለአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ይኖረን እንደሆነ ይጠይቃል። እውነተኛ ሱቅ መስሎት ነው። ተስፋ ቆርጬም ቢሆን ለአባቴ ነገርኩት። እርሳሱን አወረደ።

«የስንት ዓመት ምርት ነው?»

«አባዬ፣ ሰውየው እኮ የጻፈው ለሥዕሌ ነው።»

«የለም፤ ግን ይመጣል በዪው» አለኝ።

ጠቡ የመጣው በስልኩ ነው። ያንን ስልክ ለማስገባት አባቴ ለዓመታት ተራ ጠብቋል። ከገባም በኋላ የሰፈሩ ስልክ እንጂ የኛ ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤት ልጅ ከሩቅ ስትደውል እናትየውን ሮጠን የምንጠራው እኛ ነን። አባቴ መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ አንጠልጥሎበታል። መቀበል ለሁሉም ነው፣ መደወል ግን በሱ ፈቃድ። ሞደሙ ቁልፍ አያውቅም፤ በሽቦው በኩል ገብቶ ራሱ ይደውላል። አንድ ዓርብ፣ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትነግደው የአባቴ እህት ደጋግማ ደውላ መስመሩ ተይዞባት፣ «አንድ ነገርማ ሆነዋል» ብላ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ በታክሲ ከተፍ አለች። ሁላችንም ደህና መሆናችንን ስታይ በጣም ተቆጣች። አባቴ እሷን ሸኝቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ፊት ቆመ።

«ከማን ጋር እያወራሽ ነው መስመሩ የተያዘው?»

«አላወራም። ሥዕል እየላክኩ ነው።»

«ለማን?»

«ለአንባቢ።»

«የታለ?»

ቆጣሪውን አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ቁጥር ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ሰው ነው። ስልክ የገባው ለሰው ነው። ቁጥር ሲያምሽ አይጠይቅሽም፣ ቁጥር ለቅሶ አይደርስም። ሰው አሳዪኝ።»

ሥዕሉን ላሳየው ብል ኖሮ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር። ግን ጋሼ እሱ ራሱ ስለሆነ አፈርኩ። እሱም ሥዕሉን አልጠየቀም። ንዴት ሲይዘኝ አፌም እንደ እጄ ይፈጥናል መሰለኝ፣ «ሰውማ የለም፤ ግን ይመጣል» አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ መሳቁን አወቅኩ። ሲመለስ ግን ፊቱ የባለሱቅ ፊት ነበር። «እስከ ገና» አለኝ። «እስከ ገና ካልመጣ ይቺን ገመድ ነቅዬ እወስዳታለሁ።»

እኔም ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ነበር ብል ውሸት ነው፤ እንዲያውም በዚያ ሰሞን የሠራኋቸውን የሚያህሉ ካርቱኖች በሕይወቴ አልሠራሁም። አባቴ በአፉ ከሚናገረው ይልቅ፣ ቢናገር ብዬ የምመኘውን ነገር በጋሼ አፍ አስገባ ጀመር። ደንበኛ ሲያጣድፈው ጋሼ «ባሌስትራና ሙሽራ ስላጣደፏቸው አይመጡም» ይላል። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ጋሼ ግን ይናገራል።

በዚያው ሰሞን አባቴ ትክዝ እያለ መጣ። አንድ ቀን ራት ላይ እናቴን «ጋራዥ ስገባ ዝም ይላሉ» አላት።

«ሥራ ይዘው ይሆናላ» አለችው።

«ሥራ አይደለም። ሳቃቸውን ከውጭ እሰማለሁ። እግሬ ሲገባ ጸጥ። ዛሬ ደግሞ አንዱ ግድግዳውን በጀርባው ከልሎ ቆመ፤ የሚደብቀኝ ነገር አለው።» እንጀራውን ትቶ እጁን አነሳ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ዕቃ ያመላለስኩላቸው ሰዎች ናቸው። ምን በደልኳቸው?»

አባቴን እንዲህ ከፍቶት አይቼው አላውቅም ነበር። አንጀቴን በላው። ነገሩ ከኔ ጋር ይገናኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ፤ የወሎ ሰፈርን ሰው ረግሜ ተኛሁ።

ገና መጣ፤ ሰው አልመጣም። ላጭበረብር እችል ነበር። የመሥሪያ ቤት ልጆችን ሰብስቤ «አንባቢዎቿ ነን በሉልኝ» ብላቸው በደስታ ይመጡ ነበር፤ ያውም የበዓል ዶሮ አለ። ግን እልኼ አልፈቀደልኝም። አባቴ በሐሰተኛ ዕቃ ደንበኛ ሸኝቶ አያውቅም፤ እኔም በሐሰተኛ ሰው አልሸኘውም።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ዓርብ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈቅድልኝ ጠየቅኩት፤ ፈቀደልኝ። ሰው ቤት ገብተሽ ሳትሰናበቺ መውጣት ነውር ነውና ጋሼን በወጉ ላሰናብተው አስቤ ነው። በሳጥን አልከፈልኩትም። አንድ ትልቅ ሥዕል፤ የተዘጋ ሱቅ፣ ደጃፉ ላይ ባዶ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ኮትና እርሳስ። ቃል አልጻፍኩበትም። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ብዕሩን ማስቀመጥ አቃተኝ። ዙሪያውን ባጠርኩበት ጥቁር መስመር ላይ ደጋግሜ ስሄድበት መስመሩ አውራ ጣት አከለ። ሥዕሉን ከላክኩት በኋላ ገመዱን ከግድግዳውም ከሞደሙም ራሴ ነቅዬ ለአባቴ ሰጠሁት። ከእጄ ተነጠቀ እንዲባል አልፈለግኩም።

«አልመጣም» አልኩት።

ተቀብሎኝ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። የረታ ሰው ፊት አልነበረውም። «ሥዕሉን ተይው አላልኩሽም» አለኝ።

«እኔም እተወዋለሁ አላልኩም። ሌላ መስመር እፈልጋለሁ።»

በዚያው ሌሊት ጉንፋን ጣለው። ቅዳሜ ከአልጋው ሳይነሳ ዋለ። ያ ሰው ታሞ ሱቁን ሲዘጋ እኔም እናቴም አይተን አናውቅም። ልብሱን ለውጥ ብትለው እምቢ ብሎ፣ ከነኮቱ ጋቢ ተከናንቦ ሲያስነጥስ ዋለ። ስልኩ ቀኑን ሙሉ አለመጥራቱን እንኳ ልብ ያለው የለም። ገመዱ ኪሱ ውስጥ ሆኖ እንዴት ይጠራል?

እሑድ ሊነጋጋ ሲል የእድራችን ጡሩምባ ነፊ በሰፈሩ መንገድ መጣ። ጡሩምባው ጮኸ። እናቴ ተነስታ አማተበች። ከዚያ ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሟቹን ስም ከነአባቱ ስም ጠራ። አባቴ ጋቢውን ገልጦ ቁጭ አለ።

«ማንን ነው ያለው?»

«ሞክሼህ ይሆናል» አለች እናቴ።

ጡሩምባ ነፊው ቀጠለ። «የወሎ ሰፈሩ ባለ መለዋወጫ!»

«ሱቁም የኔ ነው» አለ አባቴ።

ነገሩን አመዛዝነን ሳንጨርስ የግቢው በር ተደበደበ። ከውጭ የአክስቴ ለቅሶ ይሰማል፤ «ወንድሜን! ወንድም ጋሻዬን!» አባቴ፣ እኔ ልሂድ ስለው እምቢ ብሎ፣ ነጭ ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ ወጣና በሩን ራሱ ከፈተላት። አክስቴ አየችውና ጮኸች። ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ሲያስነጥስ ሰማችውና የሞተ አያስነጥስም ብላ ነው መሰለኝ፣ ተመልሳ መጥታ ደረቱን በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር።

«ቁመህ ታስለቅሰኛለህ! ቁመህ ታስለቅሰኛለህ አንተ!»

ከዚያ አንገቱን አቅፋው እንደገና አለቀሰች፤ ይሄኛው ለቅሶ የመጀመሪያውን ያስንቅ ነበር። መርዶውን የነገሯት ወሎ ሰፈር ያሉ የጋራዥ ሰዎች ነበሩ። እንደ ወጉ ማልደው፣ ሽማግሌ ይዘው፣ በጋራዡ መኪና ሾላ ቤቷ ድረስ ሄደው ነው የነገሯት።

እኛ ቆመን ስንተያይ ድንኳኑ መጣ። አግዳሚ ወንበሩ፣ የእድሩ ብረት ድስት፣ ንፍሮው ሳይቀር ተቀቅሎ መጣ። አቁሙ ብሎ የሚጮህ አልተገኘም፤ አባቴ ራሱ አክስቴ ክንዱን አልለቅም ብላው፣ የመጣውን ሰው በብርድ ቆመህ ዋል ማለት ነውር ሆኖበት፣ ድንኳኑ ጥግ ከሷ ጋር ቁጭ አለ። ለቀስተኛ ደግሞ ሲገባ አይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚገባው፤ ሐዘንተኛው ማን እንደሆነ ቀና ብሎ አያይም። ሜካኒኮች፣ የታክሲ ሾፌሮች፣ ጎሚስታዎች፣ የማላውቃቸው ሴቶች፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው እየገቡ ይቀመጣሉ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆመ። እኔ ውሃ ይዤ መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ያን ያህል ወዳጅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ እሱም አያውቅም።

ከአባቴ ጎን አንድ ወፍራም ሜካኒክ ተቀምጦ እንባውን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። «እሳቸውን የመሰለ ሰው አይገኝም» ይላል፣ ጋቢ የተከናነበውን ጎረቤቱን ሳያይ። «ሳጣድፋቸው ‹ባሌስትራና ሙሽራ ስላጣደፏቸው አይመጡም› አሉኝ። እስካሁን ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።»

አባቴ ጋቢውን ከአናቱ አወረደ። «መቼ ነው እንዲህ ያልኩህ?»

ሜካኒኩ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ አብረውት ወደቁ። ጩኸት፣ ስም መጥራት፣ ማማተብ፣ ከዚያ ሳቅ። «እንኳን እግዜር አተረፈዎ» ያለው አለ፤ ከምን እንዳተረፈው የሚያውቅ ግን የለም። የእድሩ ዳኛ የጋራዥ ባለቤት ነው፤ ላቡ እየተንጠፈጠፈ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሱቅዎ ዝግ ነው። ስልክ ብንደውል ብንደውል የሚያነሳ የለም። እዚያ ላይ ደግሞ ጥቁር ክፈፍ ያለው...» ብሎ አቆመና የጋራዡን ሒሳብ ሠራተኛ አየው።

«ጥቁር ክፈፍ ያለው ምን?» አለ አባቴ።

ሒሳብ ሠራተኛው ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ልጅ ነው። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት ሲያወጣ ከሩቅ አወቅኩት። የኔ ሥዕል ነው፤ ባዶው ወንበር፣ ኮቱ፣ እርሳሱ። ዙሪያውን አውራ ጣት የሚያክል ጥቁር። እዚህ አገር ጥቁር ክፈፍ ውስጥ የሚገባው ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ግን አጥር እያጠርኩ ነበር።

ልጁ እየተንተባተበ ተናገረ። አንድ ቀን ከጽሕፈት አገልግሎት ቤት በመጣ ፖስታ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አገኘ፤ ፊቱን ወዲያው ለየው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በቢሮው ማሽን አትሞ የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ይለጥፈዋል። ከዚያ የጎረቤቱ ጋራዥ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ከሱ ሌላው፣ ከሌላው የታክሲ ሾፌሮች፣ እያለ እያለ ገርጂ ድረስ ሄዷል። እኔ ቆጣሪ ላይ አፍጥጬ ስከርም ከዚህ ሁሉ ሰው ቆጣሪው ያየው ይሄን አንዱን ልጅ ብቻ ነው። የቀረው ሰው ሁሉ እጁን እየታጠበ ያነበበ ነው።

«እና ለምን ደበቃችሁኝ?» አለ አባቴ። ድምፁ ውስጥ ያ የራት ሰዓቱ ቅሬታ ነበር። «ስገባ ለምን ዝም ትላላችሁ?»

ዳኛው አቀረቀረ። «ይሉኝታ ያዘን ጋሼ። ደግሞ ሰው ፊት ለፊቱ ይሳቅበታል? እርስዎ ሲመጡ ገልብጠን እንለጥፈዋለን፣ ሲወጡ እንመልሰዋለን።»

አባቴ እጁን ዘረጋ። ከየኪሱ ወረቀት ይወጣ ጀመር፤ ግራሶ የነካው፣ የታጠፈ፣ ጎማ የረገጠው፣ ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ የጋሼ እርሳስ ብቻ የቀረበት። መነጽሩን አደረገ። ለቀስተኛው ሁሉ ያየዋል። አንዱን አንብቦ ከሥር ያደርገዋል፣ ሌላውን ያነሳል። ሲያነብ ፊቱ የባለሱቅ ፊት ነው፤ ከፊቱ ምንም አይነበብም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አዘጋጆቹ ሁሉ ሲመልሱኝ እንደዚያ አልፈራሁም። ይሄ ሰው «ይሄ እኔን አይመስልም» ካለ፣ ሌላ መስመር ፍለጋ የምሄድበት ጉልበት ከየት እንደማመጣ አላውቅም ነበር። አክስቴ ንፍሮ በሳህን ብታቀርብለት ከወረቀቱ ዓይኑን ሳያነሳ ዘግኖ ቃመ። የራሱን ንፍሮ።

በመጨረሻ ቀና ብሎ ከሰዉ መሃል በዓይኑ ፈለገኝ።

«ይሄ ባሌስትራና ሙሽራ የሚለውን ማን ነው ያለው?»

«እኔ» አልኩ።

«እኔ አላልኩትም።»

«አዎ፣ አላልክም አባዬ።»

«ብዬው ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ። ከዚያ ድንኳኑን ዞር ብሎ ቃኘው፤ መደርደሪያውን እንደሚቃኘው ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ፣ ደጅ የቆሙትንም ሳይቀር። «እሺ፣ እነዚህ ሰዎች ማልደው የመጡት ለኔ ነው ላንቺ?»

አላወቅኩም። እስከ ዛሬም አላውቅም። «ለጋሼ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ጆሮው ላይ እርሳሱን ፈለገ፤ አልነበረም። ጋቢውን ገልጦ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ሰደደና ገመዱን አወጣ። አግዳሚ ወንበሮቹን እያለፈ፣ እያስነጠሰ፣ እኔ ወደቆምኩበት መጣ። ገመዱን እጄ ላይ አኖረው።

«ዕቃሽ መጥቷል፤ ውሰጂ» አለኝ።